የባለካፖርቱ ፊት

ሰው ያላሰበውን ዘመድ መንገድ ላይ ሲያገኝ ደስ ይለዋል። እኔ ግን የልጅ ልጄን በአደባባዩ መሀል፣ ረጅም መሰላል ጫፍ ላይ ቆማ የአገር መሪ ፊት ስትፍቅ ባገኘኋት ጊዜ ደነገጥኩ። መሰላል እፈራለሁ። ለነገሩ የማልፈራው ነገር ጥቂት ነው፤ ክፍት መስኮት እፈራለሁ፣ እርጥብ ደረጃ እፈራለሁ፣ ሰው ከሰዓቱ ሲዘገይ እፈራለሁ። ልጅ ያሳደገ ሰው በዚህ አይስቅብኝም።

ልጅቷን ቤት ውስጥ «ዳኛ» ነው የምንላት። ገና በእግሯ ሳትጠና ሁለት ሰው ሲከራከር መሀል ገብታ «መጀመሪያ እሱ ይናገር» ትል ስለነበር ስሙ እንደተለጠፈባት ቀረ። አሁን በከተማው የቅርስ ጥገና ክፍል ትሠራለች፤ ያረጀ ሐውልት፣ የተሰነጠቀ ሥዕል፣ የተበላ በር ማደስ ነው ሥራዋ። ባሏ መርከብ ላይ ተቀጥሮ ርቆ ስላለ፣ ሴት ልጇን ሚጣን ቀን ቀን የምይዛት እኔ ነኝ። ያን ጠዋትም ሚጣን አዝዬ ነበር።

ለምን እንደወጣሁ ልናገር። ኩፍኝ ከወንዙ ማዶ ያለውን ሰፈር ይዞ፣ የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። ስለዚህ የጤና ሠራተኛዋ ቤት ለቤት እየዞረች የእኛንም በር አንኳኳች። ሚጣ ዘጠኝ ወር ሞልቷታል። እኔ ግን ዛሬ ጉንፋን ይዟታል፣ ነገ ጥርስ እያወጣች ነው እያልኩ አንድም ክትባት ሳትወስድ እዚህ አድርሻታለሁ። ለሠራተኛዋም በሩን ገርበብ አድርጌ እንዲህ አልኳት፦

«የኔ ልጅ፣ ባለካፖርቱ በመርፌ ነው እንዴ ያደጉት? እስቲ አደባባይ ሂጂና ፊታቸውን እዪው፤ መስተዋት ነው።»

ሠራተኛዋ ትሁት ናት። «ከሰዓት በኋላ እመለሳለሁ፣ እማማ» ብላ ሄደች። እመለሳለሁ ስላለችም ነው ቤቱን ቆልፌ የወጣሁት።

ባለካፖርቱ የምንላቸው በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን አገሪቱን የመሩት ጠቅላይ ሚኒስትር ናቸው። ሐውልታቸው ካፖርት እንደለበሰ ስለቆመ ስማቸው በዚያው ጠፋ። ታሪካቸውን አምስተኛ ክፍል ሳለሁ በቃሌ አጥንቼዋለሁ፤ ዛሬም ብትቀሰቅሱኝ አልደናቀፍም። የገመድ ፈታይ ልጅ ነበሩ። በፍርድ ቤት ጽሑፍ እየገለበጡ ሕግ ተማሩ፤ ለምክር ቤት ተመረጡ፤ ሹመት በገንዘብ መሸጡን አስቀሩ፤ ሁለት ጊዜ መንግሥት መሩ። ከዚህም ሌላ ከቤታችን ጋር ይተዋወቃሉ። ነፍሱን ይማረውና ባለቤቴ ቀለም ቀቢ ነበር፤ ከአባቱ በወረሰው ሥራ በየዓመቱ የሐውልቱን ፊት በስቱኮ ደፍኖ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ፣ ነሐስ የሚመስል ቀለም ይቀባው ነበር። ነሐሱን ያቀለጡት ሰዎች ቸኩለው ፊቱ ላይ የአየር ጉድጓድ ትተውበታል ተብሎ ነው። ዳኛ አሁን የምትፍቀው እንግዲህ ያንን ስቱኮ ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ ውረጂ። መውደቅሽ ነው» አልኩ ከታች ሆኜ።

«እማማ? ምነው በዚህ ብርድ ሚጣን ይዘው ወጡ?»

«እኔን መጠየቁን ተዪና መጀመሪያ መሬት ርገጪ።»

አግዳሚ ወንበሩ ላይ ጋዜጣ ዘርግቶ የተቀመጠ አንድ ጡረተኛ አለ፤ ዕድሜውን ሁሉ ትራም ላይ ትኬት ሲቆርጥ ስለኖረ ጋሽ ትኬት ይባላል። እሱ ነገር ሳይገባበት አይውልም። «ከጠዋት ጀምራ እየፋቀቻቸው ነው» አለኝ። «ትንሽ ከቆየች አጥንታቸው ጋ ትደርሳለች።»

«አጥንት የላቸውም፣ ጋሼ፤ ውስጣቸው ባዶ ነው» አለች ዳኛ እየወረደች።

«እንግዲያ የእውነት ሹም ናቸው።»

እኔ አልሳቅሁም። ቀና ብዬ ሳይ ያ የማውቀው ልስልስ ፊት የለም። ጉንጩ፣ ግንባሩ፣ የአፍንጫው ዳር ሳይቀር ተቦርቡሮ፣ ዝናብ የመታው አሸዋ መስሏል። «አያትሽ ሕይወቱን ሙሉ የደከመበትን ነው በአንድ ጠዋት ያፈረስሽው» አልኳት። «የሞተ ሰው ገመናው ይሸፈናል እንጂ እንዲህ አደባባይ ላይ ይገለጣል?»

ዳኛ እጇ አቧራ ስለሆነ በክርኗ የሚጣን እግር ነካ አደረገችና በትሕትና መለሰችልኝ።

«ይቆጡኝ፣ እማማ፤ ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። አያቴ ስቱኮውን የት የት ነበር የሚያደርገው?»

«ጉድጓድ ባለበት ነዋ።»

«ካፖርቱ ላይስ?»

«ካፖርቱ ላይ ምን ጉድጓድ አለ?»

«እግራቸውስ? ጫማቸው?»

«የለም አልኩሽ። ፊታቸው ላይ ነው፣ እጃቸው ላይም ትንሽ።»

«የቀለጠ ነሐስ ታዲያ ፊትንና ካፖርትን ይለያል?»

ጋሽ ትኬት ጋዜጣውን አጠፈ። ዳኛ ከመሣሪያ ሣጥኗ አንድ ቁራጭ ነገር አወጣች፤ ጉንጫቸው ላይ ሰም ለጥፋ የጉድጓዶቹን ቅርጽ ያነሳችበት፣ ከዚያም በጀሶ የሞላችው ነው። መዳፌ ላይ አኖረችው። «ዓይንዎን ይጨፍኑና በጣትዎ ይዳብሱት» አለችኝ።

ዳበስኩት። አንዳንዱ ጉድጓድ ክብ ነው፣ አንዳንዱ ከጎኑ ካለው ጋር ተያይዟል፤ ጠርዙ በሰው እጅ፣ በትዕግሥት የተሠራ ነው። ጣቴ ከእኔ ቀድሞ አወቀው። ታላቅ አክስቴ እንዲህ ነበረች። በልጅነቴ አቅፋ ስትስመኝ ጉንጬ ላይ የሚሰማኝ ይኸው ነበር።

«ፈንጣጣ ነው» አልኩ።

«ፈንጣጣ ነው፣ እማማ። ቅርጽ አውጪው የሠራው ልክ እንደነበሩ ነው። እሳቸው ካለፉ በኋላ ነው ሰው አፍሮ ያስደፈነው። የአያቴ አባት የአየር ጉድጓድ ነው ሲሉት አመነ፤ አያቴም ከእሱ ተቀበለ። የተሰጣቸውን ሥራ አሳምረው ሠሩ፤ ጥፋቱ የእነሱ አይደለም።»

«እንግዲያ ዛሬ ለዚያች የጤና ሠራተኛ መስተዋት ነው ያልኳት የአያትሽን ስቱኮ ነው በዪኛ።»

ምን እንዳልኳትና ከሰዓት በኋላ እመለሳለሁ እንዳለችኝ ስነግራት ዳኛ ከንፈሯን ነከሰች፤ ሳቋን ይሁን ቁጣዋን የዋጠችው እግዜር ይወቅ። ጋሽ ትኬት ግን አልዋጠም፤ እስኪያስለው ሳቀ።

«ትምህርት ቤት ‹በልጅነታቸው ታመው ዳኑ› ነው ያሉን» አልኩ አፍሬ።

«እሱማ እውነት ነው። ታናናሾቻቸው ግን አልዳኑም፤ አንድ አልጋ ላይ አብረዋቸው ታመው ሞቱ። ለዚህ ነው ሥልጣን ሲይዙ ሕፃን ሁሉ የፈንጣጣ ክትባት ይውሰድ የሚል ሕግ ያረቀቁት። ያን ጊዜ መርፌ የለም፤ ፈንጣጣ ከያዛት ላም የተወሰደውን መግል ክንድ ጭረው ነበር የሚከትቡት። ሕዝቡ ልጆቻችን ቀንድ ያበቅላሉ አለ። ሠረገላቸውን በድንጋይ መቱት። ወዳጆቻቸው መጥተው ‹ይህችን አንድ አንቀጽ ይሰርዙና ወንበርዎን ያትርፉ› ሲሏቸው፣ ምክር ቤቱ ፊት ባርኔጣቸውን አውልቀው ‹ይህን ፊት መርጬ የያዝኩት ይመስላችኋል?› አሉ። ድምፅ ተሰጠ፣ ተሸነፉ፣ ወንበሩን ለቀቁ። አንቀጹን ግን አልሰረዙም። በሽታው ከተማውን ካራቆተ በኋላ ያው ሕዝብ ለምኖ መለሳቸው፤ መጀመሪያ የፈረሙት ሕግ ያንኑ ነው።»

ልቤ ተነካ። ነገር ግን ሽማግሌ ሲነካ ወዲያው አይሸነፍም፤ ሌላ በር ይፈልጋል። «ልጄ፣ ይኸው ታመው ዳኑ፣ መሪም ሆኑ» አልኳት። «ባይታመሙ እንዲህ አይጠነክሩም ነበር ይሆናል።»

«ሐውልት የሚቆመው ለዳነ ሰው ነው፣ እማማ። ታናናሾቻቸውን ማን አያቸው?»

«እውነቷን ነው» አለ ጋሽ ትኬት፤ «ትራም ለጥቂት የሳተው ሰው ነው ቆሞ የሚፎክረው። የገጨው አይፎክርም።»

«አንተ ደሞ ዝም በል፤ የአንተን ምስክርነት ማን ጠየቀ? ያ ፈንጣጣ ነው። ይሄ ኩፍኝ ነው። ኩፍኝ ለሁላችንም ወጥቶልን ነው ያደግነው።»

«ለዳቦ ጋጋሪውም ልጅ ወጣለት» አለች ዳኛ ቀስ ብላ። «ሳንባው ውስጥ ገብቶ ነው በመሣሪያ የሚተነፍሰው።»

ሚጣ ጀርባዬ ላይ ተገላበጠች። ሰበቤ ሁሉ አልቆ የቀረኝ እውነቱ ብቻ ሆነ። በእኔ ዕድሜ ያላችሁ አያቶች የምላችሁን ታውቁታላችሁ፤ ምክንያት ስንደረድር ብዙ ጊዜ ከመጨረሻው ምክንያት ኋላ የተደበቀ ሌላ አለ።

«እሺ፣ ስሚኝ» አልኳት። «አንቺ ጠዋት ወጥተሽ ማታ ትገቢያለሽ። ያቺ ልጅ ተወግታ ስታተኩስ፣ ጡጦ አልይዝም ብላ ስትንሰቀሰቅ፣ በሩን ዘግቼ ብቻዬን የምይዛት እኔ ነኝ። እጄ ላይ አንድ ነገር ብትሆን ዓይንሽን በምን ዓይኔ አያለሁ?»

ዳኛ ወደ እኔ ጠጋ አለች። «ይህን እስከ ዛሬ ለምን አልነገሩኝም?»

«ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም» አለች። «ስለ ክትባት ስለፈልፍብዎት ከረምኩ እንጂ ትኩሳቱን ማን እንደሚይዝ አልጠየቅሁም። በዚህ ፈርጄብዎታለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ። አታተኩስም ብዬ ደግሞ አልዋሽዎትም። ዛሬ ወይም ነገ ልታተኩስ ትችላለች፤ የኩፍኙ ደግሞ ከሳምንት በኋላ ትንሽ ሽፍታ ሊያወጣባት ይችላል። ሁለቱንም ጊዜ ፈቃድ ወስጄ ቤት እሆናለሁ።»

«አለቃሽስ?»

«አለቃዬ ይቆጣል። ባለካፖርቱ ይጠብቁኛል፤ የትም አይሄዱም።»

«ታዲያ እናቷ አንቺ ነሽ፤ ለምን ዝም ብለሽ አልወሰድሻትም?»

«እርስዎን ሸውጄ? ከዚያ በኋላ በምን አፌ ልጄን ይያዙልኝ እልዎታለሁ?»

አንባቢዎቼ፣ የተሸነፍኩት እዚህ ላይ ነው። ነሐሱ አእምሮዬን ረታው፤ ይህች ቃል ግን እግሬን አነሳችው። ወጣቶችም ልብ በሉ፤ ሽማግሌ የሚፈራው የማያውቀውን ብቻ አይደለም፣ ብቻውን የሚሸከመውንም ነው።

«የጤና ሠራተኛዋ ከሰዓት በኋላ ትመጣለች» አለች ዳኛ።

«እስከዚያ ልቤ ወደ ኋላ ይመለስ ይሆናል፤ እኔ ራሴን አውቃለሁ። አሁን እንሂድ።»

«መሰላሉን ማን ይጠብቅ?» አለ ጋሽ ትኬት።

«አንተ ነሃ። መቼም ሥራ አልያዝክ።»

«ፊታቸው ለምን እንዲህ ሆነ የሚለኝ ሰው ቢመጣ ምን ልበለው?»

«እንዲያ ነበሩ በለው» ብዬው ሄድን።

ጤና ጣቢያው ከአደባባዩ ጀርባ ያለ ዝቅተኛ ቤት ነው፤ ግድግዳው እስከ ወገብ አረንጓዴ፣ ከዚያ በላይ ነጭ። ነርሷ ሚጣን መዝና፣ እጇን ታጥባ፣ ያመለጧትን ክትባቶችም ጭምር በየትኛው ቀን እንደምትጨርስ ነገረችን። እንደዘገየን ስታውቅ አልተቆጣችም፤ ልትቆጣ ግን ይገባት ነበር። መርፌው ሲገባ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሚጣ ጮኸች፣ ከዚያ የነርሷን የአንገት ማስጌጫ አይታ ጩኸቷን ረሳች።

ከሰዓት በኋላ እንደተባለው አተኮሳት። ዳኛ አጠገቤ ነበረች፤ እሷ ስትይዝ እኔ አረፍኩ፣ እኔ ስይዝ እሷ ሽሮፑን ለክታ ሰጠች። በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ ሚጣ የቁምሳጥኑን ማንኪያ ሁሉ መሬት ላይ ስትዘረግፍ ትኩሳቱ አልነበረም። ከሳምንት በኋላ ጥቂት ሽፍታ ሲወጣባት እንኳ ዳኛ ቤት ነበረች፤ እኔም የሚመጣውን ስለማውቅ አልተርበተበትኩም።

ወሩ ሲያልቅ ኩፍኙ ድልድዩን ተሻግሮ መንገዳችን ገባ። ከወዲያም ከወዲህም ያሉ ቤቶች ሕፃን ተኛባቸው፤ እናቶች ሥራቸውን ትተው ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ከረሙ። የእኛን ቤት አልነካውም። ይህን የምለው ለመመጻደቅ አይደለም። አንድ ልጅ ስትከተብ የምትድነው እሷ ብቻ አይደለችም፤ በሽታው በእሷ በኩል አልፎ ጎረቤቷ ጋ የሚደርስበት መንገድ ይዘጋል። እናት ሥራዋን አታጣም፤ አባት መድኃኒት ፍለጋ አይንከራተትም፤ ታላቅ ልጅ ታናሹን ለማስታመም ከትምህርቱ አይቀርም። ያረጀች አያትም እንቅልፍ ታገኛለች፤ ይህም ቀላል ነገር አይደለም።

ከዚያ ወዲህ የጤና ሠራተኛዋ ወደ መንደራችን ስትመጣ አብሬያት እዞራለሁ። እኔ ባለሁበት በር አይዘጋም፤ የሰዉን ሰበብ ሁሉ ከባለቤቶቹ በፊት አውቀዋለሁ። ባለፈው ሳምንት የልብስ ሰፊው ወጣት ሚስት በሯን ገርበብ አድርጋ ስለ ጉንፋን ጀመረችልን፤ ቀጥላ ስለ ጥርስ። እስክትጨርስ ሰማኋት። ሕፃኑ ከኋላዋ ያለቅሳል፤ ምድጃዋ ላይ የተጣደው ይገነፍላል።

«ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ፤ ምንድን ነው የፈራሽው?» አልኳት።

እንባዋ መጣ። «ባሌ ሱቅ ነው የሚውለው። እዚህ ቤት ቀኑን ሙሉ ብቻዬን ነኝ፣ እማማ።»

የጤና ሠራተኛዋን ለነገ ቀጠርኩላትና ሻርፔን አወለቅሁ። «እንግዲያ ከነገ ጀምሮ ሁለት ነን» ብያት፣ የሚያለቅሰውን ልጅ ለማንሳት ገባሁ።