ያቺ አንዲት «አንተ»

ሄሎ? … አዎ፣ ደራሲዋ ነኝ። … እንዴት አደሩ ጋሼ፣ ድምፅዎን አላወቅኩትም። ከኋላዎ የሚያንቋቋው ምንድን ነው? … ወረቀት መቁረጫው። … ልቦለዴን አርመው ጨረሱ? እሰይ፣ እጅዎ ይባረክ።

— እታለም፣ አትንቀሳቀሺ፣ መርፌው ይወጋሻል። —

አይ፣ እህቴን ነው። ሠርጓ እሁድ ነው፣ ቬሎዋን እያጠበብኩላት ነው። … አርባ አንድ ስህተት? የእኔ? … የፊደል ከሆነ እሺ፣ ይሁን። … አይደለም? … ቆይ፣ ቆይ። «አንተ»ውን ሁሉ ምን አደረጉት?

… ይቆዩኝ፣ መርፌውን ላስቀምጥ።

… አውቃለሁ ጋሼ። እስከ ገጽ ሁለት መቶ አሥራ አንድ ድረስ የሹሙ ልጅ የፈረሰኞቹን አለቃ «እርስዎ» ነው የምትለው፣ እሱም እሷን። … አዎ፣ ከዚያ በድንገት «አንተ» ትለዋለች። … አላመለጠኝም። ሁለት ዓመት የጻፍኩት ለዚያች ቃል ነው። … መሳሳም? በእኔ መጽሐፍ ውስጥ ማንም አይሳሳምም። ዝናብ እየደበደበው በሩ ላይ ቆሞ ልሰናበትዎ መጣሁ ሲላት፣ «አንተ፣ ግባ እንጂ» ትለዋለች። በቃ፣ ፍቅሩ እሱ ነው። እርስዎ ግን «ይግቡ እንጂ» አስባሏት። የሹም ልጅ ሰጥቼዎት የሆቴል አስተናጋጅ አድርገው መለሱልኝ እኮ።

… ሠርጉማ ምዕራፍ አሥራ ዘጠኝ ላይ አለ፣ ማን ነካው? ሠርግ ለዘመድ ነው። ዘመድ ይብላ፣ ይጨፍር፣ ወጡን ይማው። ሁለቱ ግን የተጋቡት በሩ ላይ ነው።

— አንቺን አላልኩም እታለም። ያንቺው ለራስሽ ነው። ዙሪ። —

… እኔ? አላገባሁም። ፈረስም ጋልቤ አላውቅም፤ አለቃው ግን ሦስት መቶ ገጽ ሲጋልብ አንድ ቀን አልወደቀም። … ይበሉ፣ ኮሌጅ አለመግባቴንም ይጨምሩበት። ሰዋስውን ከቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ስር ቁጭ ብዬ ለቅሜዋለሁ። እርስዎ ግን ሰዋስው ሲያዩ ሰው ይጠፋብዎታል። … አልሰደብኩዎትም። … እሺ፣ ትንሽ ሰድቤዎታለሁ።

… ማተሚያ ማሽኑ መቼ ነው የሚነሣው? … ከግማሽ ሰዓት በኋላ? ጋሼ፣ ያቺ ቃል ሳትመለስ ከታተመ መጽሐፉ የእኔ አይደለም።

… እንግዲያው አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ባለቤትዎ ምን ብለው ነው የሚጠሩዎት? … «አንተ»። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ? … እሳቸውም እዚያው ማተሚያ ቤት ነበሩ? … ፊደል ለቃሚ፣ የኅትመት ፊደል የሚደረድሩ። እና «እርስዎ»፣ «እርስዎ» ትባባሉ ነበር። ታዲያ መቼ ተለወጠ?

… የእርሳስ ፊደል የሞላ መሳቢያ እግርዎ ላይ ወደቀ? … እና እሳቸው ሮጠው መጥተው … «አንተ፣ ተጎዳህ?»

— ዝም በይ እታለም፣ እየነገሩኝ ነው። —

እርስዎስ ምን አሉ? … «አይጨነቁ፣ ደህና ነኝ»? እግርዎ እንዲያ አብጦ? … ሦስት ቀን? «አንቺ» ለማለት ሦስት ቀን ፈጀብዎት? … አልሳቅሁም። እህቴ ናት።

… አዎ። አዎ ጋሼ፣ እሱን ነው የጻፍኩት። … ይመልሱልኛል? አርባ አንዱንም? … የእኔ ቅጂ ጠረጴዛዎ ላይ ነው? ተመስገን።

… ሌላ ምን ቀረ? … የእሱ መልስ? «አንቺ ካልሽማ እገባለሁ» ነው የሚላት፣ ምን ሆነ? … «አንቺ» ለማለት ቶሎ ነው? … አፉ አይታዘዝለትም ይላሉ። … ታዲያ ምን ይበላት? … «እሺ፣ እንዳሉ» ብቻ ብሎ ይግባ?

… ቆይ፣ ልስማው። «አንተ፣ ግባ እንጂ።» … «እሺ፣ እንዳሉ።» …

… ይሻላል። … ሰምተውኛል፣ አልደግመውም።

… ልክ ነዎት፣ ቀጣዩ ምዕራፍ ላይ «አንቺ» ይላታል። «በማግስቱ» ብሎ ነው የሚጀምረው። … እሱንም ይሰርዙት። «ከሦስት ቀን በኋላ» ያድርጉት። … አዎ ጋሼ፣ ሦስት። ይሂዱ አሁን፣ ማሽኑ ሳይነሣ። እኔ እዘጋዋለሁ።