«የወለድኳት» ያለው ኑዛዜ

ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን በኑዛዜው ላይ አንድ ውሸት ጻፈ፤ በዚያ ውሸት ምክንያት ልጁ ቤቷን ተቀማች። ነገሩ ይኸው ነው፤ የቀረው ለቅሶ ነው።

ቤቱንና የስፌት መኪናዎቹን «ከአብራኬ ለወለድኳት ልጄ» ብሎ ተናዘዘ። ልጅቷን ግን አልወለዳትም፤ ጡት ሳትጥል እናቷ ስትሞት ወስዶ አሳደጋት። የወንድሙ ልጆች ይህን ያውቁ ነበር። ከሰሱ፤ የደም ምርመራ ጠየቁ፤ ውጤቱም መጣ። ዳኛው «ኑዛዜው የሚጠቅሳት ልጅ የለችም» አሉ። «ያሳደግኳት» የምትል አንዲት ቃል ብትኖር ኖሮ ማንም አይነካትም ነበር።

የዚያን ዕለት ከምሠራበት የጠበቃ ቢሮ ስመለስ የወንድሙ ልጆች የበሩን ቁልፍ ሲያስቀይሩ ደረስኩ። ልጅቷ ከመንገዱ ማዶ ቆማለች። የራሷ ዕቃ በሁለት ፌስታል እግሯ ሥር ተቀምጧል፤ ጠርዙ ያላለቀ የደንበኛ ሱሪ ግን አጥፋ በክንዷ ይዛለች። አጠገቧ ሰፈሩ «አባባ ፔዳል» የሚላቸው ብስክሌት ጠጋኙ ነበሩ። የልብስ ሰፊው የልብ ጓደኛ፣ የኑዛዜውም ምስክር ናቸው።

«አየሽልኝ ይሄን ግፍ?» አሉኝ።

«አየሁ አባባ። እርስዎም ፈርመውበታል።»

ፊታቸው ተለዋወጠ። ክንዴን ይዘው ጥቂት በሮች ዝቅ ብሎ ወዳለው ሱቃቸው አስገቡኝ። ሱቁ የማስቲሽና የዘይት ሽታ ታፍኖበታል። አሮጌ ጎማዎች ከጣሪያው ተንጠልጥለዋል፤ መሐል ወለሉ ላይ አንድ ብስክሌት እግሮቹን ሰቅሎ ተገልብጧል። ልጃቸው የተጠገነ ብስክሌት ልታደርስ ወጥታለች።

«እኔ ምን አጠፋሁ?» አሉ በሩን እንደመለሱ። «ልጄ ናት አለ፤ ልጁ ናት። ውሸቱ የቱ ጋ ነው?»

«ወለድኳት ያለው ጋ።»

«እና ምን ይበል? ከሰው ያገኘኋት ብሎ ይጻፍ? ሞቶም ያዋርዳት?»

«አሁንስ መቼ ተከበረች?»

«እናንተ የተማራችሁ ልጆች እንደው ነገር ስታደርቁ! ፍቅር በደም ምርመራ ይታያል እንዴ?»

«አይታይም አባባ። አለመታየቱን እያወቁ ነው እንግዲህ የወንድሙ ልጆች ደሙን ምስክር የጠሩት።»

ሰው ኑዛዜ ሲጽፍ የሚወዱት ሰዎች እንደሚያነቡለት ያስባል። ጠበቃ ቢሮ ጥቂት የተቀመጠ ሰው ግን እውነቱን ያውቃል፤ ኑዛዜን ቃል በቃል የሚያነበው ያልተናዘዙለት ዘመድ ነው። ያን ጊዜ ተናዛዡ ተነሥቶ «እንዲህ ማለቴ ነበር» አይልም።

የአባባ ፔዳልም ልጅ የአብራካቸው እንዳልሆነች ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። የማታውቀው እሷ ብቻ ናት። ስለዚህ ጠየቅኳቸው።

«የእርስዎስ ኑዛዜ ምን ይላል?»

«ያው ነው» አሉ አንገታቸውን ደፍተው። «አንድ ላይ ነው ያጻፍነው።»

«ከአብራኬ?»

«ቃሉን ያመጣው እሱ ነው። እኔ ምን ዐውቃለሁ፣ ሲነበብ አማረብኝ።»

«ወንድምዎስ አይከስም?»

«ወንድሜ እንኳን እንዲህ ያለ...» ጀምረው ተዉት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ባለፈው መጥቶ ሱቁን በእርምጃ ሲለካ ነበር። መደርደሪያ ሊሠራልኝ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር እኮ» አሉ።

«ኑዛዜውን እንደገና እንጻፈው አባባ። ሙሉ ስሟ መታወቂያዋ ላይ እንዳለው፣ የወላጆቿ ስም፣ የተወለደችበት ቀን። እንዳሳደጓት እንጂ እንዳልወለዷት፤ ሱቁን ግን ዐውቀው፣ ፈቅደው ለእሷ እንደሰጡ። ይህ ከተጻፈ ወንድምዎ ሐኪም ቤት ሙሉ ደም ቢያስቀዳ የሚያገኘው እርስዎ አስቀድመው የነገሩትን ነው። ልጅዎም በሰው ደጅ ቆማ አትውልም፤ እዚሁ ጎማዋን ትለጥፋለች።»

«የተወለደችበትን ቀን አላውቀውም። ልደቷን የምናከብረው የወሰድኳትን ቀን ነው።»

«እንግዲያው ቀኑ አይታወቅም ብለን እንጽፋለን። ገምተው እንዳይነግሩኝ።»

«እሷስ? መቼ ትስማው?»

«ወይ ዛሬ ከእርስዎ አፍ፣ ወይ ያኔ ከወንድምዎ ጠበቃ።»

የተገለበጠውን ብስክሌት ጎማ በጣታቸው ገፉት፤ እስኪቆም አዩት፤ መልሰው ገፉት።

«እሺ» አሉ በመጨረሻ። «ልክ ነሽ። ያንን ቃል እኔ ነኝ መሻር ያለብኝ። ጓደኛዬም ቀድሞ ይህን የሚነግረው ሰው ቢያገኝ ኖሮ...»

ክርክሩን ረታሁ። ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣሁ። ደስታዬ ልጃቸው እስክትገባ ድረስ ቆየ።

«አባዬ፣ ያ ሰውዬ ፍሬኑ አሁንም ይጮሃል ይለኛል!» እያለች ገባች። «ፍሬኑ ዝም ብሏል፣ የምትጮኸው አንተ ነህ አልኩት!» እየሳቀች ፊታችንን አየች። «ምንድን ነው? ማን ሞተ?»

ነገሯት። አላሳመሩትም፤ ማሳመርም አይችሉበትም። እናትሽ አንቺን ታቅፋ የመጣች ተከራያችን ነበረች፤ ብዙም ሳትቆይ ሞተች። አባትሽ ለቀብሩ እንኳ አልመጣም። እኔና ባለቤቴ ወሰድንሽ። ባለቤቴም ሳትነግርሽ ሞተች።

ልጅቷ ጨርቅ አንሥታ ጣቶቿን ተራ በተራ ጠረገች።

«ማን ማን ያውቃል?»

«ትልልቆቹ... ሁሉም ያውቃል።»

«እሷም?» በአገጯ ወደ እኔ ጠቆመች።

«እሷም።»

«እና ዛሬ የነገርከኝ ለወረቀቱ ነው።»

«ሱቁን እንዳይቀሙሽ ነው የኔ ልጅ። የልብስ ሰፊውን ልጅ አላየሻትም? መንገድ ላይ...»

«ሱቁን መች ለመንኩህ?»

እጃቸውን ዘረጉ። አልያዘችውም። ጣልቃ ገብቼ፣ «የወላጅ አባትሽ ስም ከተጻፈ ከእንግዲህ ማንም...» ማለት ጀመርኩ። ያልኩት ሁሉ ትክክል ነበር። ዛሬም ትክክል ነው፤ ልጅ ያሳደገ ሰው ሁሉ እንዲያደርገው እመክራለሁ። በዚያች ክፍል ውስጥ ግን የሚሰማው አልነበረም።

«ጻፊ» አለችኝ። «ማን ከለከለሽ? ስሙን ሲነግርሽ ግን እኔ እዚህ አልቆምም።»

ጨርቁን የተገለበጠው ብስክሌት ላይ ጣል አድርጋ ወጣች፤ በሩንም ከውጭ ዘጋችው።