የይሁኔ ሳንቃዎችና የዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ

ካህናት አባቶቼ፣ የእስቴ ሽማግሌዎች፣ ባለቤቱ እመት ስንዱ፣ እናንተም የትምህርት ቤቱ ልጆች፤ ልቅሶውን ጥቂት ግቱልኝ። አናጢው ይሁኔ ሳይነገርለት አፈር አይለብስም።

ዘመንና ጥላ የሚቆጠርበትን ባሕረ ሐሳብ ያስተማርሁት እኔ ነኝ። ትምህርቱን ትቶ መጥረቢያ ባነሣ ጊዜ፣ «ከእንግዲህ ደጄን እንዳትረግጥ» ያልሁትም እኔው ነኝ።

የሲሚንቶውን ትምህርት ቤታችንን ታውቁታላችሁ። የመስኮቱ መስተዋት ሁሉ ወደ ምዕራብ ነው። የዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ የልጆቻችንን ዓይን ስትወጋ አላያችሁምን? መሐንዲሱ በየመስኮቱ ላይ አግድም የደረደራቸው የብረት ክንፎች ነበሩ። ፀሐይ ዝቅ ስትል በመካከላቸው ትገባለች። በሁለተኛው ክረምት ዛጉ፤ የሚያዞራቸውም ጠፋ። ማን ያርመው? ይሁኔ!

አንድ ማለዳ ደጄን ረገጠ።

«የኔታ፣ በታኅሣሥና በሰኔ የዘጠኝ ሰዓት ጥላ ወዴት ይወድቃል?»

«ሂድ፣ መጥረቢያህን ጠይቅ!»

«ጠየቅሁት። የኔታን ጠይቅ አለኝ።»

ሳቄ አመለጠኝ፤ ተከትዬው ወጣሁ። ዓመቱን ሙሉ እሱ እንጨት ተከለ፤ እኔ ጥላውን በእግሬ ጫማ ሰፈርሁ። የታኅሣሥ ፀሐይ ከደቡብ፣ የሰኔዋ ከሰሜን አዘንብላ ትገባለች። ስለዚህ የዋንዛ ሳንቃ ሽቅብ አቆመ። አቆመ እንጂ አልቸነከረም! ሁሉንም በአንድ ዘንግ አያያዛቸው። አንድ ገመድ ሲሳብ እኩል ይዞራሉ። ነፋሱ ይገባል፤ ብርሃኑ ይገባል፤ ሐሩሩ ደጅ ይቀራል።

መሐንዲሱ ሊያይ የመጣ ዕለት ብዙዎቻችሁ ነበራችሁ። ገመዱን ሳበ፤ ለቀቀ፤ ደግሞ ሳበ። «ይህን ማን ሰፈረው?» አለ። ይሁኔ በሁለት እጁ ወደ እኔ አመለከተ፤ «መምህሬ ናቸው» አለ። እኔስ ምን አልሁ? «የአናጢ መምህር አይደለሁም» ብዬ ጋቢዬን አጣፍቼ ሄድሁ።

ያን ዕለት የሰማችሁኝ ሁሉ ዛሬም ስሙኝ፤ መምህሩ ነበርሁ! ጥላ ሰፍሮ ሰዓት የሚናገር ደቀ መዝሙር ብዙ አፍርቻለሁ። ጥላ ሰፍሮ ለሰው ልጅ ጥላ የሠራ ግን ይሁኔ ብቻ ነው።

ገመዱን በየቀኑ የሚስበው እርሱ ነበር። «ካልተሳበ ይህም እንደ ብረቱ ደርቆ ይቀራል» ይል ነበር። ነገ በዘጠኝ ሰዓት ማን ይስበዋል? ከብርዕና ከመቋሚያ በቀር ያልጨበጠ ይህ እጅ ይስበዋል። ልጆች፣ ኑና እዩ፤ አይታችሁም ተማሩ።

ይሁኔ ልጄ፣ ደጄን እርገጥ ብልህ ዛሬ አትመጣም። እንግዲህ ደጅህን የምረግጠው እኔ ነኝ። ሂድ፤ የነገዋን ፀሐይ ለእኔ ተውልኝ።