መኪና የተሳለበት ዘይት

ግቢ ግቢ… በሩን ገፋ አድርጊው፣ ዝናቡ አሳብጦት ነው። እዚያኛው ወንበር ላይ አትቀመጪ፣ እግሩ ይነቃነቃል። ሰማያዊው ይሻላል። ፀጉርሽ እንዴት አምሮብሻል! ልጆቹስ? ትንሿ ጥርሷ ወለቀ አሉኝ… እሰይ እሰይ።

ሻይ ልቅዳልሽ? ቆይ እጄን ልጥረግ፣ ከጠዋት ጀምሮ ዘይት በዘይት ሆኜልሻለሁ።

ምንድን ነው የያዝሽው ወረቀት?

እ…

«ሞተር ሳይክሉን ተረክባችሁ ካርድ ክፍል መድቡኝ።» በቃ? ስምንት ዓመት ሙሉ የክትባት ሣጥን ከኋላ አስረሽ ያንን ዳገት የወጣሽ ነርስ፣ ካርድ ክፍል? እዚያ ላይ ያሉት አራሶች ታዲያ በማን ይታዩ? ሕፃን ታቅፈው በእግራቸው ይውረዱ? ደግሞ ይሄ ምንድን ነው… «ፍሪሲዮኑን ያቃጠልኩት እኔ ስለሆንኩ።» በገዛ እጅሽ ጽፈሽ! የእጅ ጽሑፍሽ ግን ሁሌም ያምራል።

ማን ነው እጅሽ ከባድ ነው ያለሽ?… ተይው፣ አትንገሪኝ። ስም መጥራት አልወድም።

እኔ ዛሬ ስለ አንድ አዋቂ ሰው ነው የማጫውትሽ። ባሌን ማለቴ እንዳይመስልሽ። ባሌማ ያው ከመደርደሪያው ኋላ ፊልትሮ እየደረደረ ነው፣ እሱን ምን አገባው። ሌላ ሰው ነው… አንቺ አታውቂውም።

ደግነቱን ብነግርሽ! ለሚወደው ሰው ከሱቁ ምርጡን ነው የሚያነሳው። ለራሱ ሞተር ሳይክል ያንን ተራውን፣ አቧራ የጠጣውን የሞተር ሳይክል ዘይት ያንቆረቁራል። ለዘመድ ሲሆን ግን ወርቃማዋን ጀሪካን ያወርዳል። ሲንተቲክ! ፊት ለፊቷ ላይ ሥዕል አለ… መኪና። የሚያምር ቀይ መኪና፣ አራት በር ያለው።

ያንቺ ሞተር ሳይክል ስንት በር ነበረው?

አትሳቂ አንቺ።

ደግሞ ልምዱ! የጀሪካን ጀርባ አያነብም። «ጀርባ ማንበብ ለጀማሪ ነው» ይላል። እውነቱን ነው፣ ሠላሳ ዓመት የሠራ ሰው ዕቃ እየገለበጠ ፊደል ሲለቅም ያምርበታል? እኔ ነኝ እንጂ ሞኟ፣ መነጽሬን አድርጌ የማነበው። ለሞተር ሳይክል የተሠራው ጀርባ ላይ «ኤም ኤ» የሚሉ ሁለት ፊደሎች አሉ። በመኪናው ዘይት ላይ የሉም። ለሁለት ፊደል ብሎ ሰው ይነታረካል?

ሲንተቲክን እየሰደብኩ አይደለም፣ ምን በወጣው! ሙቀት አይበግረውም፣ በብርድ ጠዋት ሞተሩ ውስጥ ቶሎ ይዳረሳል፣ ቶሎ አይበላሽም። ይሄ የመኪናው ደግሞ ያገኘውን ሁሉ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ለመኪና መድኃኒት ነው። የመኪና ፍሪሲዮን ደረቅ ክፍሉ ውስጥ ለብቻው ይኖራል፣ የሞተሩን ዘይት በዓይኑም አያየው። የኛዎቹ ሞተር ሳይክሎች ግን ያው ጠባብ ቤት ነው ያላቸው። ሞተሩም፣ ማርሹም፣ ፍሪሲዮኑም በአንድ ዘይት ይታጠባሉ። የፍሪሲዮን ሥራ ደግሞ መያዝ ነው። ውስጡ የተደረደሩት ሸራዎች ካልተያያዙ ሞተሩ ይጮኻል… ጎማው ቆሞ ያዳምጣል።

ዳገቱ ላይ እንዲህ አልነበር ያደረገሽ?

መቼ ነው የጀመረሽ? በጣትሽ አትቁጠሪ። ነዳጅ ጋኑ ላይ የለጠፍንልሽን ፕላስተር እዪው። ዘይት የተቀየረበት ቀን፣ ኪሎ ሜትሩ፣ የቀየረው ሰው ፊርማ። የቤቱ ደንብ ነው። ፊርማውን ዝለይው፣ ስም አንጠራም ብለናል። ቀኑን ብቻ…

በማግሥቱ ነው የጀመረሽ? ወይ አጋጣሚ!

ትናንት ደግሞ የችግኝ ጣቢያው ጥበቃ መጣ፣ ባለ አራት ጎማ ሞተር ሳይክሉን እየገፋ። አፈር ሲጭንበት ይጮኻል እንጂ ፈቅ አይልም። እሱም «እጅህ ከባድ ነው» ተብሏል። በእሱስ አልፈርድም፣ መዳፉ አካፋ ያህላል። ያንቺ እጅ ግን… ሕፃን ሳይነቃ መርፌ ወግቶ የሚመለስ እጅ! በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ከባድ እጅ፣ ያውም ከአንድ ዓይነት ጀሪካን። ትዛመዳላችሁ እንዴ?

እኔ አላዋቂዋ ምን አደረግሁ፣ ዘይቱን አፈሰስኩት። «ኤም ኤ» ያለበትን ሞላሁ፣ የመኪናው ታጥቦ እንዲወጣ ጥቂት አስነዳሁትና እሱንም አፈሰስኩት፣ እንደገና ሞላሁ። ይሄም ሲንተቲክ ነው፣ ግን ለነሱ የተሠራ። ከሰዓት በኋላ አፈሩን እንደጫነ ከጋራዡ ጀርባ ያለውን አቀበት ወጣልሽ። እጁን አልቀየርኩለትም።

ምንድን ነው ኋላ የወደቀው?… ምንም አይደል፣ ፊልትሮ ነው። ጆሮ እንጂ እጅ ሥራ ላይ አይደለም መሰለኝ።

ቁልፍሽን ወዲህ በይ። ሸራው ካልተቃጠለ ዛሬውኑ ታጥቦ ይድናል። ከተቃጠለም ይቀየራል፣ ሸራ ነው፣ ያንቺ ዕድሜ አይደለም። ወረቀቱንም ስጪኝማ… የዘይት መለኪያውን የምጠርግበት አጥቼ ነበር። እሰይ፣ እንዴት ይመጥጣል!

የሚገርመኝ ግን ያ ደግ ሰው ነው። ትናንት ያ ሞተር አቀበቱን ሲወጣ በር ላይ ቆሞ አይቷል እኮ። እጁን አጣምሮ፣ ቁልጭ አድርጎ። ከዚያ ዛሬ ጠዋት ደውሎ «ካርድ ክፍል ምን አለው፣ ዝናብ አያገኝሽ፣ ፀሐይ አያገኝሽ» ብሎ አጽናናሽ አይደል? እንዲህ ያለ አጽናኝ ከየት ይገኛል? እኔ ብሆን «ዘይቱን የመረጥኩት እኔ ነኝ» የሚል ቃል ካፌ ያመልጠኝ ነበር። እሱ ግን ቻለው። አንጀቱ እንዴት ሰፊ ነው!

አትቀየሚው፣ ሆዴ። እኔም አልተቀየምኩት… እንዲያውም እመርቀዋለሁ። ዕድሜና ጤና ይስጠው። ሱቁ በደንበኛ ይሙላ። እጁን ይባርክለት፣ ደግነቱን ያብዛለት። ደግሞም የኔ ጌታ፣ እስከ ሽበቱ ድረስ፣ እሱ ባበላሸው «ጥፋቱ የኔ ነው» ብላ ይቅርታ የምትጠይቀው ሴት አያሳጣው።