«ሽሮው አረረ» የሚለው ዘፈን

እናትአለም፣ ልብስሽን ሰበሰብሽ? ይሄ የጅጅጋ ነፋስ መቼም… ትናንት ነጠላዬን ይዞት ሄዶ፣ ዛሬ ጠዋት እዚሁ አጥሩ ላይ መልሶት አገኘሁት። ደግ ነፋስ ነው። የወሰደውን ይመልሳል…

ሬዲዮኑን ቀነስሽው እንዴ? ኧረ ተይው! የጎረቤታችንን ድምፅ እንስማ እንጂ፤ ግድግዳ ተጋርተን ከሰው ኋላ እንቅር? ጉድ እኮ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በአንዲት ሰዓት የጀመራት የድሮ ዘፈን ዝግጅት፣ ይኸው ጣቢያው ጠዋትም ድሮ፣ ማታም ድሮ ሆነ። ባጃጁ እሱን፣ ሻይ ቤቱ እሱን። ባለሱቋ ፊርደውስ ለሸቀጥ ሽንሌ ወርዳ፣ እዚያም ሱቁ ሁሉ የሚከፍተው እሱን ነው አለችኝ። ደምበል ወረዳም ይሰማል አሉ። ሰው ሲያድለው እንዲህ ነው!

ደግሞ ሲናገር ማማሩ! «ይህን በወጣትነቴ በገዛ እጄ የቀዳሁት ነው» አለ ትናንት። እንዴት ያለ እጅ ነው፣ እናቴ? ዘፈኑ መሀል ላይ አንድ ሰውዬ «አንቺ፣ ሽሮው አረረ!» ብሎ ይጮሃል። እሱ «የመድረክ ጨዋታ ነው» ብሎ አብራራልን… መማር ደግ ነው። እኔ ያልተማርኩት፣ የባሌ የመርሻ ድምፅ መሰለኝ። ያረረው ሽሮም የኔ መሰለኝ።

አራት ዓመት ሆነው እኮ። የመርሻ የለቅሶ ድንኳን ሳይነሳ ነው አንድ ደግ ሰው መጥቶ፣ «መርሻ እቤት የቀዳው ካሴት እንዳይበላሽብሽ፣ በፍላሽ ገልብጬ ነገ አመጣልሻለሁ» ያለኝ። ነገ ሩቅ ነው፤ አይፈረድም። ከባሌ የቀረኝ ድምፅ ያቺው ብቻ ነበረች። አሁን ጉናጋዶ ያለ ግመል ሻጭ ይሰማታል፤ እኔ ደግሞ መቼ ትመጣ ይሆን እያልኩ ሬዲዮ ሥር እቀመጣለሁ። ድምፅ አለኝ በሰማይ፣ ካሴቱንም አላይ… የሰው ወርቅ አያደምቅ ያለውስ ማነው? ይኸው አደመቀ!

ጮክ አልኩ እንዴ? የጎረቤታችን ባለቤት እዚያ ማዶ ልብስ እየሰበሰበች ነው መሰለኝ… ሆዴ፣ ሰላም ዋልሽ? ስለ ነፋሱ ነው የምናወራው!

ብቻ ዕድሜ ይስጠው። ያን ሸጋ ድምፁን አያጥፋብን። ቀኑ የደረሰ ዕለት ደግሞ… ለባለቤቱም ልክ እንደሱ ያለ አደራ ጠባቂ ጎረቤት አያሳጣት። አሜን በይ እንጂ!