የአባቴ ጠጠር

በሽታው የኩላሊት ካንሰር እንደሆነ ሐኪሙ ሲነግረን፣ እኛ ልጆቹ ለአባታችን «ጠጠር ነው» አልነው። እንዲህ ያለ ነገር ለታማሚ ይነገራል እንዴ?

አንድ ቀን ጎንደር ሆስፒታል ተራ ስንጠብቅ፣ አጠገባችን የነበረች የአዲ አርቃይ ሴት ትንሽ ልጇን አንስታ ማዘል ጀመረች። የልጅቱ ሆድ ባንድ ጎኑ አብጧል። «የኩላሊት ካንሰር ነው አሉኝ። ካንሰር ደግሞ መች ይድናል? ቤቴ ይዣት ልግባ» አለች እያለቀሰች።

አባቴ ነጠላዋን ያዝ አደረገ። «ተይ ልጄ፣ ተቀመጭ። እንዲህ ያሉ ልጆች እዚህ አይቼ ሐኪሙን ጠይቄዋለሁ። የሕፃናቱ ሌላ ዓይነት ነው፤ ከቀዶ ጥገናው ጋር መድኃኒቱም ይሠራላቸዋል፣ ብዙዎቹ ይድናሉ። መድኃኒት የማይበግረው እንደኔ ያለው የትልቅ ሰው ካንሰር ነው።»

ሴትዮዋ ቀስ ብላ ተቀመጠች። እኔ አንገቴን ደፋሁ። አባቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ለእናትህ ግን ያው ጠጠር ነው በላት» አለኝ።