ትናንት ምን አበላሸህ?

ኡስታዝ በድሩ፣ እስክጨርስ ድረስ እባክዎ እጅዎን እንዳያወጡ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አርመውኛል፤ ዛሬ በጡረታ ሽኝትዎ ቀን እንኳ ኸላስ፣ ይብቃህ ይበሉኝ!

እዚህ ያላችሁ ወጣቶች አልነበራችሁም። ኡስታዝ ጅዳ ላቦራቶሪያችን መጀመሪያ የመጡ ቀን የፍሪጅ ጠጋኝ ነበር የመሰሉኝ። ጥቁር ቦርሳ ይዘው በር ላይ ሲቆሙ፣ «ያላ ግባ! ፍሪጁ ከሞተ ሦስት ቀኑ ነው» አልኳቸው። ገቡ። ፍሪጁ ላይ የተንጠለጠለውን የሙቀት መዝገብ አነበቡና፣ «ይሄን የሚሞላው ማነው?» አሉ።

«እኔ ነኛ!»

«ፍሪጁ ሦስት ቀን ሞቷል፤ መዝገቡ ግን ዛሬ ጠዋትም አራት ዲግሪ ይላል።»

ለካ አዲሱ ኃላፊያችን ናቸው።

እሳቸው ጀርወል ሰፈር፣ እኔ ዛሂር ሰፈር፣ ሁለታችንም መካ ስለምንኖር በመኪናቸው መመላለስ ጀመርኩ። ምነው እግሬን በሰበረው! ሰው ሲገናኝ «እንዴት አደርክ» ይባባላል። እሳቸው ገና ቀበቶ ሳላስር፣ «ዒሳ፣ ትናንት ምን አበላሸህ?»

«ወላሂ ምንም።»

«እንግዲያው አልሠራህም ማለት ነው።»

ከዚያ እስከ ጅዳ ሬዲዮ እንኳ አይከፍቱም። ዘምዘም፣ አንቺ ደግሞ ምን ያስቅሻል? ተማሪያቸው ሳለሽ፣ በኒካሕሽ ማግስት ደውለው «መብሩክ፤ ትናንት ምን አበላሸሽ?» ያሉሽን ባልሽ እስከ ዛሬ አልረሳውም።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። ከስምንት ዓመት በፊት ፕሮፌሰር የሚያስብላቸው የጥናት ጽሑፍ ሊታተም አንድ ሳምንት ቀርቶታል። ጠዋት መኪና ውስጥ እንደልማዳቸው ጠየቁኝ። እኔም እንደልማዴ «ምንም» ልል ነበር። ግን ከትናንት ወዲህ እንቅልፍ አልነበረኝም፤ ለዚያ ጽሑፍ የተመረመረውን የሁለት ጉድጓዶች የውሃ ናሙና አቀያይሬ ስም መለጠፌን አግኝቻለሁ። ከእኔ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም። ነገርኳቸው።

መኪናውን ዳር አስያዙ። ሥራዬም የመኖሪያ ፈቃዴ ኢቃማዬም አለቀላቸው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። «ትናንት ሠርተሃል» አሉኝ። ስልካቸውን አውጥተው፣ «በላቦራቶሪያችን ስህተት ምክንያት ጽሑፋችንን ከኅትመት አንስተናል» ብለው ለአሳታሚው እዚያው ጻፉ። ስሜን አላነሱም። ማዕረጉም በዚያው ቀረ።

እንደገና ያመልክቱ ብዬ ስንት ጊዜ ነዘነዝኳቸው! «መጀመሪያ ዘምዘም ትመረቅ፣ መጀመሪያ ቢኒያም ትምህርቱን ይጨርስ» ሲሉ ሲሉ ይኸው ጡረታው ቀደማቸው። ያናድዳል! እኔን እስከ ዛሬ ያናድደኛል!

ነገ ወደ ጅዳ የምሄደው በአውቶቡስ ነው። የሚጠይቀኝ ስለሌለ ሳይጠይቁኝ ልመልስ፦ ያበላሸሁት ነገር አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስምንት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ አጠገብዎ ተቀምጬ አንድ ቀን «አመሰግናለሁ» አላልኩዎትም። አመሰግናለሁ፣ ኡስታዝ። ሰው አድርገውኛል።

በሉ፣ ጭማቂም ሻይም የያዛችሁ ብርጭቋችሁን አንሱ! አላህ ረጅም ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥዎት። ሀጃ ሀምዲያ፣ ከነገ ጀምሮ በየጠዋቱ የሚጠየቁት ባለቤታቸው እርስዎ ነዎትና ለእርስዎ ደግሞ ሰብሩን፣ ትዕግሥቱን ይስጥዎት!

ለፕሮፌሰር በድሩ!

እጅዎን ያውርዱ፣ ኡስታዝ። ይሄን እንኳ አላበላሸሁም።